የሰናይት እናት እኔ ነኝ

ወንድሜ፣ ወንበሩን ስላመጣህልኝ ጌታ ይባርክህ፤ ግን ዛሬ አልቀመጥም። ቆሜ ነው የምናገረው። ለምን እንደሆነ ስጨርስ ይገባችኋል። አትመልሰው ግን፣ እዚሁ ጎኔ ይሁን፤ በኋላ እፈልገዋለሁ።

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን በሆዴ ይዤ መኖር ስላቃተኝ ነው የወጣሁት። ሦስት እሑድ ሙሉ "ዛሬስ እመሰክራለሁ" ብዬ መጥቼ አፌ ተሳስሮ ተመልሻለሁ። ልጄ "እማዬ፣ ገበያ ላይ እንደዚያ የምትጮኺው ሴትዮ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ምላስሽን ማን ይወስደዋል?" ትለኛለች። ዛሬ ምላሴን ይዤ መጥቻለሁ። ስሙ ይባረክ!

ብርቄ እባላለሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ አሰላ ገበያ ሽንኩርትና ድንች የምሸጠዋ ብርቄ ነኝ። እስቲ ከእኔ ሽንኩርት የገዛችሁ እጃችሁን አውጡ። ይኸው፣ ግማሽ ቤተ ክርስቲያን! እሺ፣ አውርዱ። አሁን ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት እኔን ገበያ ላይ ቆሜ ያየኝ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

አያችሁ? አንድ ሰው የለም።

አስራ ስምንት ዓመት ቁጭ ብዬ ነው የሸጥኩት። ገና ሳይነጋጋ ከሁሉ ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ሁሉም ሲሄድ ከሁሉ ኋላ እነሳለሁ። ከጉልበቴ በታች ጆንያ አለብሳለሁ። ዝናብ ሲመጣ ጎረቤቶቼ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ታዛ ሲሮጡ እኔ ላስቲክ ራሴ ላይ ጥዬ እዚያው እቀራለሁ። "ብርቄ ለሽንኩርቷ ነፍሷን ትሰጣለች" ብለው ይስቁብኝ ነበር። ለሽንኩርቱ አልነበረም ወገኖቼ። እግሬን ለመደበቅ ነበር።

ዝሆኔ የሚሉት በሽታ ነበረብኝ። ሁለቱም እግሮቼ ከጉልበት በታች አብጠው፣ ቆዳው ተሰነጣጥቆ፣ ጣቶቼ እብጠቱ ውስጥ ገብተው ጠፍተው ነበር። የተወለድኩት ጮሌ በሚባል ገጠር ነው፤ ቀዩን አፈር በባዶ እግሬ እየረገጥኩ፣ ስንዴ እያረምኩ አደግሁ። አግብቼ አሰላ ከመጣሁ በኋላ፣ ልጄን ሰናይትን ጡት ባስጣልኩ ሰሞን እግሬ ያብጥ ጀመር። ሰው የሚለውን ታውቃላችሁ። አንዱ "መተት ረግጣ ነው" ይላል፣ ሌላው "የዘር ነው፣ ከእናቷ ወገን አለባት" ይላል። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ልጃችን አራት ዓመት ሳይሞላት ሞተብኝ። ከእሱ በኋላ እግሬን ገልጬ ያሳየሁት ሰው ከልጄ በቀር የለም። እህቴ አስካለ እንኳ፣ አንድ መደብ ላይ ተኝተን ያደግነው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የምታየው።

ለቅሶ አልሄድም። ሰርግ አልሄድም። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ አስካለን እልካለሁ። ውሸቱ የጀመረው ያኔ ነው፤ የልጄ አስተማሪዎች እናቷ አስካለ ናት ብለው ነው የሚያውቁት። ሰናይት ስትመረቅ አዳራሽ ገብታ እልል ያለችውም አስካለ ናት። እኔ ያን ቀን ድንች ስሸጥ ዋልኩ።

እግዚአብሔር ግን ልጄን አሳደገልኝ። ሽንኩርት ሸጬ መምህርት አደረግኳት! ይህን ስናገር ልቤ ቢያብጥ አትፍረዱብኝ፤ ከእግሬ ልቤ ቢያብጥ ይሻላል። ኢተያ ተመድባ ስታስተምር እዚያ ጌታን አገኘች። ቀጥላ ደግሞ እዚያው ባል የሚሆናትን ሰው አገኘች። ገመቹ ይባላል፤ ኮምባይነር ይጠግናል። ስንዴ ሲደርስ መላው ኢተያ የሚጠራው የእሱን ስም ነው። ልጄ ስለ ጌታ ልትነግረኝ ስትሞክር "አንቺ እግር አለሽ፣ ሂጂና አምልኪ፤ እኔን ተይኝ" እላት ነበር። እግዚአብሔር ለቆሙ ሰዎች ብቻ የሆነ ይመስለኝ ነበር።

አንድ መስከረም ላይ የገመቹ ቤተሰብ "ሽማግሌ ልንልክ ነው" ብሎ ላከብን።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ስሙኝ። ማንም አልመከረኝም፣ በሰይጣንም አላሳብብም፤ እኔው ነኝ ያሰብኩት። ሽማግሌ ሲመጣ ዘር ይጠይቃል፣ እናትየዋን ያያል። ልጄ በእኔ እግር ልትቀር ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ እህቴን ጠርቼ "አስካለ፣ ያን ቀን የሰናይት እናት አንቺ ነሽ" አልኳት።

"ሰናይት ታውቃለች?" አለችኝ።

"ሽማግሌ ሲቀመጥ ሴት ልጅ ጓዳ ናት። በኋላ እነግራታለሁ።"

አስካለ አምስት ወንዶች ነው ያሏት። ሴት ልጅ እንደተመኘች ኖራ በአንድ ከሰዓት አገኘች።

ሽማግሌዎቹ አራት ሆነው መጡ። መሪያቸው የገመቹ አጎት ጋሽ ቱሉ ናቸው። የአስካለ ባል ተቀበላቸው። እኔ የት ነበርኩ መሰላችሁ? በገዛ ግቢዬ፣ ማድቤት ውስጥ፣ የድንች ጆንያ ላይ ተቀምጬ! ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሁሉን እሰማለሁ። "ልጃችሁን ለልጃችን" ሲሉ ሰማሁ። የአስካለ ባል "እንመካከርና እህል ከገባ በኋላ ተመለሱ" ሲላቸው ሰማሁ፤ ደንብ ነው፣ በአንድ ምልልስ ልጅ አይሰጥም። ከዚያ ጋሽ ቱሉ ሊሄዱ ተነሱና "እናትየዋ ወዲህ ይቅረቡልኝ" አሉ።

አስካለ ቀረበች። መረቋት። "ይህችን ልጅ የተሸከመ ማህፀን ይባረክ። ያሳደጋት እጅ አይጠር። ለእሷ የደከመ ጉልበት ይጽና" አሉ።

ቅዱሳን፣ ያ ምርቃት የእኔ ነበር! ሃያ አራት ዓመት የደከምኩበት! ግድግዳ ለይቶን ሌላ ሴት "አሜን" አለችበት። እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ።

ሰናይት ጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታ ኖሯል። እንግዶቹ ሲወጡ ማድቤት መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ መሬት ላይ እግሬ ሥር ቁጭ አለች።

"እማዬ፣ አክስቴን ለምን እናቴ አደረግሻት?"

"እንዳትቀሪብኝ ብዬ ነው ልጄ።"

"በዚህ እግር አይደል እንዴ ተመላልሰሽ ያስተማርሽኝ? እኔ ያላፈርኩበትን አንቺ ለምን ታፍሪበታለሽ?"

ነጠላዬን እግሬ ላይ ጎተትኩ። እሷ ግን ቀጠለች። "ሲመለሱ አንቺ ካልገባሽ እኔ አላገባም። ለጌታም ነግሬዋለሁ" አለች። ግትርነቷን ከማን እንደወሰደች አትጠይቁኝ።

በሳምንቱ እየጎተተች ሕክምና ወሰደችኝ። እግር የሚያክሙበት ቦታ አለ ብለው የጸሎት ጓደኞቿ ነግረዋታል። ሲስተር ጫልቱ የምትባል ነርስ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። የተጠቀለለውን ጨርቅ ልትፈታ ስትል እጇን ያዝኩት።

"ይሸታል" አልኳት።

"አዎ አዴ ብርቄ፣ ይሸታል" አለችኝ። "ሲታጠብ ይተዋል።"

በቃ! ይኸው ነው ያለችው! አፍንጫዋን አልያዘችም፣ "ወይኔ እናቴን" ብላ ከንፈሯን አልመጠጠችም። ሰማያዊ ሳፋ አቀረበች፣ ለብ ያለ ውሃ ቀዳች፣ ተንበረከከች። በሳሙና እያሸች ጣቶቼን አንድ በአንድ ትፈልጋቸው ጀመር። እያጠበችም ትነግረኛለች፤ "መተት አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ከአፈሩ ነው። በባዶ እግር ሲረገጥ ደቃቁ በቆዳ እየገባ ነው የሚያሳብጠው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።"

"ልጄስ?" አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሃያ ዓመት ያላስተኛኝ ጥያቄ እሱ ነበር።

"ልጅዎ ጫማ አድርጋ ነው ያደገችው?"

"ከተራመደች ጀምሮ!"

"እንግዲያው አይዞዎት፣ አይነካትም።"

ወገኖቼ፣ ያንን ጫማ የገዛሁላት እኔ ነኝ! ራሴ በባዶ እግሬ እየሄድኩ ለእሷ በየዓመቱ ጫማ እገዛ ነበር፤ ከጓደኞቿ እንዳታንስ ብዬ እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ለካ ጌታ በእኔ በተናቅሁት እጅ ልጄን ሲጠብቃት ኖሯል። ለምንም አልረባም ስል የነበርኩት ሴትዮ ልጇን ከዚህ በሽታ አድናለች! ክብር ለስሙ ይሁን!

"ሲስተር፣ ይህን ሥራ ማን አስገደደሽ?" አልኳት።

ሳቀች። "ማንም። ጌታዬ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ንጹሕ ንጹሑን አልመረጠም። አሳልፎ የሚሰጠውንም እግር አጥቧል። የእርስዎንማ እንዴት ይተዋል?" አለችኝ።

እኔ ስብከት አልሰማሁም አልልም፤ ገበያ መሀል በድምፅ ማጉያ ሰምቻለሁ፣ ልጄም ሰብካኛለች። እዚያ ሳፋ ላይ ግን ጌታ ራሱ ጎንበስ ብሎ እግሬን የያዘ መሰለኝ። ከሰው ሁሉ የደበቅሁትን እግር እሱ ሲያየው ነበር። አይቶም አልተጸየፈኝም! "ጌታ ሆይ፣ ከነእግሬ ከተቀበልከኝ ያንተ ነኝ" አልኩት። ሌላ ጸሎት አላውቅም ነበር። ሲስተር ጫልቱ እጇ እንደረጠበ አብራኝ ጸለየች። ሃሌሉያ! ሃሌሉያ በሉልኝ እንጂ!

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባል የለ? እኔ ተረቱን ለሰው ስተርተው ኖሬ ለራሴ አልሰማሁትም።

ዶክተሩ "እማማ፣ ይህ በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም። ጠዋትና ማታ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ሲተኙ እግርዎን ከፍ ማድረግ ነው። ካቋረጡ ይመለሳል" አሉኝ። "ዶክተር፣ አስራ ስምንት ዓመት አንድ ቦታ የተቀመጠችን ሴት ትዕግሥት ሊያስተምሩ ነው?" አልኳቸው። ሳቁ። አንድ ቀን አላቋረጥኩም። እግሬን ሳጥብ እጸልያለሁ፣ ስጸልይ እግሬን አጥባለሁ፤ ሁለቱ ተደባልቀውብኛል።

መጀመሪያ ሽታው ተወ። ቀጥሎ ቁስሉ ደረቀ። ጠፍታ የነበረችው ትንሿ ጣቴ ኅዳር ላይ ብቅ አለች። ልጄን "ነይ! ነይ እዪ፣ ተወለደች!" ብዬ ስጮህ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ጫማ ሰፊ ጋ ሄድኩ። እግሬን በክር ለካና "እትዬ፣ እነዚህ ሁለት እግሮች እናታቸው አንድ ናት?" አለኝ። ከሆዴ ሳቅሁ። ሰው በእግሬ ሲቀልድ የሳቅሁበት የመጀመሪያ ቀን ያ ነው። ጥቁር ቆዳ ጫማ ሰፋልኝ፣ የቀኙ ከግራው የሚሰፋ። ለሰርግ ነው ብዬ አስቀመጥኩት።

እህል ገባ። ጥር ላይ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ።

አስካለ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ተኳኩላ መጣች። "እኔ እገባለሁ" ስላት ፊቷ ተለወጠ። "ብርቄ፣ አሁን ገብተሽ እናቷ እኔ ነኝ ብትዪ ዋሽታችሁናል ብለው ይሄዳሉ። እግርሽን ይቅር ቢሉ ውሸቱን ይቅር አይሉም። ልጅቷን አታስቀሪያት፤ ዛሬን ብቻ ዝም በዪ" አለችኝ። በአስካለ አትፍረዱ፣ እዚህ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ደግሞም እውነቷን ነው። ለሽማግሌ የዋሸ ቤት እንዴት እንደሚወራበት አውቃለሁ። ያው የድንች ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። "ጌታ ሆይ፣ አንተ አልተጸየፍከኝም፣ እነሱ ግን አንተን አይደሉም" አልኩ።

ሰናይት ጫማዬን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችልኝ።

አጠለቅሁት። ተነሳሁ። ከማድቤት እስከ ሳሎን ያለው አስር እርምጃ አይሞላም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም። ስገባ ጫማዬ ሲሚንቶው ላይ ኳ ኳ አለ። አራቱም ዞሩ።

"ጋሽ ቱሉ" አልኩ፣ "መስከረም ላይ የመረቁት እህቴን ነው። የሰናይት እናት እኔ ነኝ። በእግሬ አፍሬ ማድቤት ተደብቄ ነበር። ዋሽቻችኋለሁ። ልጄም እህቴም ጥፋት የለባቸውም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

አንደኛው ሽማግሌ ወዲያው ብድግ አሉ። "ይህ ንቀት ነው! ዘሩን ከሸሸገ ቤት ልጅ አይወሰድም። እንሂድ!" ብለው ባርኔጣቸውን አነሱ። በቃ፣ በገዛ አፌ ልጄን አስቀረኋት አልኩ።

ጋሽ ቱሉ ግን አልተነሱም። እግሬን አዩት። ብዙ ቆይተው አዩት።

"የእኔ እናት እግሯ እንዲህ ነበር" አሉ።

የቆሙት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ዞሩ።

"እኔ ሳገባ ሰው እንዳያያት ከጎተራው ጀርባ አስቀመጥናት። የሰርጌን ዘፈን እዚያ ሆና ሰማችው። ምሳዋን በሳህን ላክንላት። እሷም አንድ ቀን አልወቀሰችኝ፣ እኔም አንድ ቀን ይቅርታ ሳልጠይቃት ሞተች።" ከዚያ ወደ ቆሙት ሽማግሌ ዞረው "ተቀመጥ። እኔ እናቴን ማውጣት አቃተኝ፤ ይህች ሴት ግን ራሷን አውጥታ መጣች። ከዚህ ቤት ካልወሰድን ከየት ልንወስድ ነው?" አሏቸው።

ሰውየው ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ጋሽ ቱሉ ተነስተው ፊቴ ቆሙ። "ለእህትዎ የሰጠሁትን አልወስድባትም፣ ይርጋላት። ለእርስዎ ሌላ አለኝ" አሉና እጃቸውን ዘርግተው በኦሮምኛም በአማርኛም መረቁኝ። መጨረሻ ላይ "ይህ እግር የልጅ ልጅ ደጃፍ ይርገጥ" አሉ። "አሜን!" ያልኩት እኔ ነኝ! በገዛ አፌ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እግሬ ቆሜ! ስሙ ይባረክ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ቤት እውነት ስትነጋ አየሁ።

ሰርጉ ቀን እንግዳ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ። ስንት ሰው "ለካ ረጅም ነሽ!" አለኝ መሰላችሁ፤ ቆሜ አይተውኝ አያውቁማ። አስካለ ወንበር ይዛ እየተከተለች "ኧረ ተቀመጪ፣ ይደክምሻል" ስትለኝ "አስራ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ፣ ይበቃኛል" አልኳት። ዛሬ ለምን እንዳልተቀመጥኩ አሁን ገባችሁ?

እስቲ እግሬን እዩአት። ቀሚሴን ከፍ ላድርገው፣ አላፍርም። የግራዋ ደህና ሆናለች። የቀኟ ገና ወፍራም ናት፣ እድሜ ልኬን እጠብቃታለሁ፣ ዛሬ ጠዋትም አጥቤያት ነው የመጣሁት። ሙሉ በሙሉ ሟሸሸች ብዬ አልዋሻችሁም፤ ውሸት አንዴ ቀምሼዋለሁ። ግን በዚህች እግር እኮራለሁ! ጌታ ያጠባት እግር ናት!

አሁን በሳምንት አንድ ቀን ሽንኩርቱን ለአስካለ ትቼ ከሲስተር ጫልቱ ጋር እግር አጥባለሁ። ጋሽ ቱሉ በየገጠሩ ተደብቀው የኖሩትን እያግባቡ ያመጡልናል። በቅርቡ ከሮቤ በኩል አንዲት ሴት ጋሪ ላይ ተሸፋፍና መጣች። ፊቷን ሳላይ እግሯን አየሁ። ጨርቁን ልፈታ ስል እጄን ያዘችው። ምን እንዳለችኝና ምን እንደመለስኩላት ታውቃላችሁ።

ወገኖቼ፣ ልጨርስ ነው። እዚህ መካከል እግሩን አግዳሚው ሥር የሸሸገ ሰው አለ። በሽታ ላይሆን ይችላል። አንዱ መጠጡን ሸሽጓል፣ አንዱ እስር ቤት መኖሩን፣ አንዷ ሰው ያወጣላትን ስም። "ለሌላው ነው እንጂ ለእኔ አይሆንም" እያልክ፣ እያልሽ የምትቀመጡ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ፣ አስራ ስምንት ዓመት ከእናንተ ጋር ተቀምጫለሁ። በእግዚአብሔር ፊት ተስፋው የተቆረጠ ሰው የለም። የሚጣል ሰው የለም! ጌታን እመኑት፤ የደበቃችሁትን አይቶታል፣ አይቶም ነው የጠራችሁ።

ይሸታል ብላችሁ አትፍሩ። አዎ፣ ይሸታል። ሲታጠብ ይተዋል።

አሁን ያንን ወንበር ወደ ፊት አምጡልኝ። ያመጣሁት ሳፋ ከመድረኩ ጀርባ ነው፣ ውሃው ለብ ብሏል። ኑ ተቀመጡ። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።